መኰንኑና ሊቁ፤ የፓትሪክ ብላኬት ሥራ ሲመረመር

ስለ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ስለ ፓትሪክ ብላኬት ሲነገር ሕይወቱ ብዙ ጊዜ ለሁለት ተከፍሎ ይቀርባል። በመጀመሪያው ክፍል መድፍ የሚያስተኵስ ወጣት የባሕር ኃይል መኰንን አለ፤ በሁለተኛው ክፍል የአቶምን ጠባይ የሚመረምር፥ በ1948 የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ሊቅ አለ። የመጀመሪያው ሰው የጦር ልብሱን አውልቆ ሲወጣ ሁለተኛው ነጭ ካፖርት ለብሶ ይገባል። ይህ አተራረክ ለማስታወስ ይመቻል፤ ምናልባት ለፈተናም ይበቃል። እኔ ግን የሰውየውን ሥራ ባነበብሁ መጠን ነገሩ እንዲህ ሆኖ አልታየኝም። መኰንኑ ከሊቁ ውስጥ አልወጣም፤ እስከ መጨረሻው አብሮት ኖሯል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ የብላኬትን ታሪክ ከልደት እስከ ሞት ለመዘርዘር አይደለም፤ አንድ ጥያቄ ለመመርመር ነው እንጂ። መንግሥት በጦርነት ጊዜ ሊቁን ጠርቶ ምክር ሲጠይቀው፥ ሊቁ የሚናገረው በምን ሥልጣን ነው? በቍጥር ብቻ ነውን? ወይስ በኅሊናውም ጭምር? ብላኬት ሁለቱን አስተባብሮ በሠራ ጊዜ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ አንዱን ከሌላው በለየ ጊዜ ግን ወይ ተሸንፏል፥ ወይ ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ። ይህን አስተያየት ከዚህ በታች በማስረጃ ለማቅረብ እሞክራለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስ እለምናለሁ።

መርከብ ያስተማረው

ብላኬት በኖቬምበር 1897 በለንደን ተወለደ። አባቱ የአክሲዮን ደላላ ነበር፤ አያቱ ቄስ ነበሩ። ልጁ 13 ዓመት ሳይሞላው በ1910 ኦዝበርን ወደሚባለው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገባ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ዳርትመዝ ተዛወረ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ወጣት መኰንኖቹን በሸራ ዘመን ልማድ ሳይሆን ለእንፋሎትና ለብረት መርከብ እንዲስማሙ አድርጎ ማስተማር ጀምሮ ስለ ነበረ፥ ብላኬት ሒሳብና መካኒክስ ተማረ፤ በወርክሾፕም እጁን አፍታታ። ኋላ ረቂቅ የምርምር መሣሪያ በገዛ እጁ የሠራው ሊቅ ሞረድና መዶሻ መያዝን የለመደው ከዚያ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ይህን ለመረዳት አይቸግረንም፤ ጧት ጂኦሜትሪ፥ ከሰዓት በኋላ አናጢነት ሲያስተምሩን የነገሩ ጥቅም የገባን ቈይቶ ነው።

በኦገስት 1914 ጦርነት ሲነሣ ብላኬት ገና 16 ዓመቱ ነበር። ካርናርቮን በምትባል መርከብ ተሳፍሮ ዲሴምበር 8 ቀን 1914 በደቡብ አትላንቲክ በፎክላንድ ደሴቶች አጠገብ በተደረገው ውጊያ ላይ ነበረ። በዚያ ቀን ከአምስቱ የጀርመን የጦር መርከቦች አራቱ ሰጠሙ። ይህ የእንግሊዝ ድል ነበር። ከዓመት ተኩል በኋላ ግን ባርሃም በምትባለው ታላቅ የጦር መርከብ ላይ ሆኖ የጀትላንድን ውጊያ አየ። ከሜይ 31 እስከ ጁን 1 ቀን 1916 በሰሜን ባሕር በተደረገው በዚህ ውጊያ ከእንግሊዝ ወገን ከ6,000 በላይ፥ ከጀርመን ወገን ከ2,500 በላይ ሰው ሞተ። በፍጥነታቸው የተመኩባቸው ሦስት ታላላቅ የእንግሊዝ መርከቦች በጥይት ተመትተው ፈነዱ፤ በውስጣቸው ከነበረው ሰው የተረፈው እጅግ ጥቂት ነው።

በዓለም አንደኛ ነው ይባል የነበረው ባሕር ኃይል መርከቦቹ እንዴት እንደሚፈነዱ፥ የጠላት መድፍም ዒላማውን እንዴት ፈጥኖ እንደሚያገኝ ከውጊያው በፊት አልመረመረም ነበር። መኰንኖቹ ፈሪዎች አልነበሩም፤ መርከቦቹም ትንንሾች አልነበሩም። የጐደለው ነገር «እንዲህ ይሆናል» የተባለውን «በእርግጥ እንዲህ ሆነን?» ብሎ መጠየቅ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የብላኬት ዕድሜ ልክ ጥያቄ የተጸነሰው ገና ፊዚክስ ሳይማር በመድፉ አጠገብ ነው።

ከ400,000 መካከል ስምንት

በጃንዋሪ 1919 አድሚራልቲ የሚባለው የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት በጦርነቱ ምክንያት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸውን ወጣት መኰንኖች ለአጭር ጊዜ ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ላከ። ብላኬት አንዱ ነበር። ከዚያ ካቬንዲሽ የሚባለውን የፊዚክስ ቤተ ሙከራ አየ፤ ብዙም ሳይቈይ ከባሕር ኃይል ተሰናበተ። በ1921 ዲግሪውን ተቀብሎ በኧርነስት ራዘርፎርድ ሥር ምርምር ጀመረ።

ራዘርፎርድ አልፋ የሚባሉትን ቅንጣቶች በናይትሮጅን ላይ በመወርወር ከናይትሮጅን አቶም እምብርት ፕሮቶን እንደሚወጣ በ1919 አስታውቆ ነበር። ነገር ግን አልፋው እምብርቱን ከመታ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ያየ አልነበረም። ብላኬት ይህን እንዲያሳይ ታዘዘ። መሣሪያው ቻርልስ ዊልሰን የፈለሰፈው የደመና ሣጥን ነው፤ በእርጥብ አየር በተሞላው ሣጥን ውስጥ ቅንጣት ሲያልፍ ጭጋግ የመሰለ ቀጭን መሥመር ትቶ ይሄዳል፥ ይህም በፎቶግራፍ ይነሣል። ብላኬት 23,000 ያህል ፎቶግራፍ አነሣ፤ በእነዚህም ላይ ከ400,000 በላይ መሥመሮች ተቈጠሩ። ከእነዚያ ሁሉ መካከል የሚፈለገውን ነገር ያሳዩት ስምንት ብቻ ነበሩ። በስምንቱ ላይ መሥመሩ እንደ ባላ ለሁለት ይከፈላል፤ ሦስተኛ ቅርንጫፍ የለውም። እንግዲህ አልፋው እምብርቱን ሸርፎ አላለፈም፤ በውስጡ ቀርቷል፥ ፕሮቶኑ ወጥቷል፥ ናይትሮጅኑም ወደ ኦክሲጅን ተለውጧል ማለት ነው። ውጤቱ በ1925 ታተመ።

ከዚህ ሥራ የሚያስደንቀኝ ብልኀቱ ብቻ አይደለም፤ ትዕግሥቱ ነው። ከ50,000 መሥመር አንድ ለማግኘት ሁሉንም ማየት ያስፈልጋል። ሌሊት በመርከብ ላይ ዘብ ቆሞ ባዶ ባሕር ሲመለከት ያደረ ሰው ይህን ትዕግሥት ከየት እንዳመጣው መገመት አያዳግትም። በ1932 ደግሞ ከኢጣልያዊው ከጁሴፔ ኦኪያሊኒ ጋር ሆኖ ዘበኛውን ራሱን ለወጠው። ከሰማይ የሚመጣው የኮስሚክ ጨረር በሣጥኑ ውስጥ ሲያልፍ በላይና በታች በተቀመጡ ቈጣሪዎች አማካይነት ፎቶግራፉን ራሱ እንዲያስነሣ አደረጉ። በዚህም ዘዴ አሜሪካዊው ካርል አንደርሰን በ1932 ያገኘውን ፖዚትሮን በ1933 አረጋገጡ፤ ፖዚትሮንና ኤሌክትሮን ጥንድ ሆነው እንደሚፈጠሩም አሳዩ። የኖቤል ሽልማቱ የተሰጠው በዚህ ዘርፍ ለሠራው ሥራ ነው።

ሊቁ በጦር ሠፈር

በ1935 የእንግሊዝ መንግሥት አገሩን ከአየር ጥቃት ስለ መከላከል የሚመክር የሊቃውንት ኮሚቴ በሄንሪ ቲዛርድ ሰብሳቢነት ሲያቋቁም ብላኬት አባል ሆነ። ኮሚቴው ከሁሉ አስቀድሞ ራዳር እንዲሠራ መከረ። ኋላ የገባው ፕሮፌሰር ፍሬደሪክ ሊንደማን ሌሎች አሳቦች እኩል እንዲታዩለት በመጠየቁ ጠብ ተነሣ፤ በ1936 ብላኬትና ሌላው አባል አርኪባልድ ሂል ከኮሚቴው ወጡ። መንግሥትም ኮሚቴውን ያለ ሊንደማን እንደ ገና አቋቋመው። አንባቢ ይህን ስም እንዲይዝልኝ እሻለሁ፤ ሊንደማን ኋላ ይመለሳል።

ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ በኦገስት 1940 ብላኬት የፀረ አይሮፕላን መድፎች አዛዥ የነበረው የጄኔራል ፓይል አማካሪ ሆነ። በዙሪያው የሰበሰባቸው ሰዎች የአካል ሥራ ተመራማሪዎች፥ የሒሳብ ሊቃውንት፥ የከዋክብት ተመራማሪና መሬት ቀያሽ ስለ ነበሩ ወታደሮቹ «የብላኬት ሰርከስ» ይሏቸው ጀመር። በዚያ ጊዜ አንድ የጠላት አይሮፕላን ለመጣል እስከ 20,000 ጥይት ይተኰስ ነበር፤ በ1941 አጋማሽ 4,000 ያህል ሆነ። ይህን ሁሉ ለብላኬት ብቻ መስጠት አይገባም፤ ራዳሩም ተሻሽሏል፥ ተኳሾቹም ለምደዋል። የእርሱና የባልደረቦቹ ድርሻ አዲሱ መሣሪያ በሜዳ ላይ በእርግጥ እንዴት እንደሚሠራ መከታተል ነበር።

ከዚያ ሥራ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በባሕር ዳር ያሉት መድፈኞች በውስጥ አገር ካሉት ይልቅ በጥይት ቍጥር ሲመዘን ሁለት እጥፍ አይሮፕላን እንደሚጥሉ ሪፖርቱ ያሳይ ነበር። ምክንያቱ ምን ይሆን ተብሎ ብዙ ተመረመረ። በመጨረሻ የተገኘው ምክንያት ቀላል ነው። በውስጥ አገር ያለው መድፈኛ «ጣልሁ» ሲል ስብርባሪው ይፈለጋል፥ ካልተገኘም ቍጥሩ ይሰረዛል፤ በባሕር ዳር ያለው «ጣልሁ» ሲል ግን ባሕሩ ምስክር አይሆንም። የበለጠው የተኳሾቹ ችሎታ ሳይሆን የሚመረምራቸው መጥፋቱ ነበር። ይህን ምሳሌ እያንዳንዱ የስታቲስቲክስ ተማሪ ሊያስታውሰው ይገባል።

በማርች 1941 ብላኬት የባሕር ጠረፍ ወደሚጠብቁት አይሮፕላኖች ጦር ተዛወረ። አይሮፕላኖቹ ለባሕር ሰርጓጅ መርከቦች የሚጥሉት ፈንጂ ከ30 ሜትር ጥልቀት እንዲፈነዳ ተደርጎ ይዘጋጅ ነበር፤ ሰርጓጁ አይሮፕላኑን አስቀድሞ አይቶ እስከዚያ ይጠልቃል ተብሎ ስለ ተገመተ። የብላኬት ባልደረባ ኢ. ጄ. ዊሊያምስ ግን እንዲህ አለ፦ እስከዚያ የጠለቀው መርከብ በየት በኩል እንዳለ ማን ያውቃል? ቦታው የሚታወቀው ገና ከውሃው ገጽ ያልራቀው ነው፤ ለእርሱ ደግሞ 30 ሜትር ላይ የሚፈነዳው አይደርስበትም። ፈንጂው 8 ሜትር ያህል ላይ እንዲፈነዳ መከረ። ከዚያ በኋላ የተማረኩ ጀርመናውያን እንግሊዞች አዲስ ኃይለኛ ፈንጂ ያገኙ መሰላቸው። የተለወጠው የፈንጂው ማስተካከያ ብቻ ነበር።

የልጆቹ ፈተና

ከሁሉ የሚበልጠው የቅፍለቱ ነገር ነው። በ1942 ብላኬት በአድሚራልቲ የዚህ ዓይነቱ ምርምር አለቃ ነበር። እህልና ነዳጅ የጫኑ መርከቦች አትላንቲክን የሚሻገሩት፥ በአገራችን ነጋዴ ሽፍታ ፈርቶ በቅፍለት ይጓዝ እንደ ነበረ፥ ብዙ ሆነው በጦር መርከብ ታጅበው ነው። ባሕር ኃይሉ ትልቅ ቅፍለት አደገኛ ነው ብሎ ከ60 መርከብ በላይ አይፈቅድም ነበር። የብላኬት ሰዎች መዝገቡን ገልጠው የሁለት ዓመት ጥፋት ቈጠሩ። በአማካይ 32 መርከብ የነበረባቸው ቅፍለቶች ከመቶ 2.5 አጥተዋል፤ በአማካይ 54 የነበረባቸው ግን ከመቶ 1.1 ብቻ።

ምክንያቱም ተገኘ። በአንድ ጥቃት የሚሰጥመው የመርከብ ቍጥር ቅፍለቱ ቢበዛም ቢያንስም ያው ነው። ቅፍለቱ ሲሰፋ በውስጡ የሚይዘው ይበዛል እንጂ ዙሪያው ብዙ አይጨምርም፤ የ80 መርከቦች ቅፍለት ዙሪያ ከ40ዎቹ የሚረዝመው በአንድ ሰባተኛ ብቻ ነው። ጠባቂዎቹ የሚጠብቁት ደግሞ ዙሪያውን ነው። እንግዲህ ቅፍለቱን ማብዛት ጠባቂን ማብዛት ማለት ሆነ። በ1943 ምክሩ በሥራ ላይ ዋለ።

ብላኬት ኋላ ይህን ሲተርክ ከቍጥሩ በላይ የሆነ ነገር ይነግረናል። ምክሩን ለባሕር ኃይል ከማቅረቡ በፊት ሒሳቡን በእርግጥ ያምንበት እንደሆነ ራሱን ጠየቀ። የጠየቀበትም መንገድ ይህ ነው፦ የገዛ ልጆቹን አትላንቲክን ማሻገር ቢኖርበት በትልቁ ቅፍለት ይልካቸው ነበርን ወይስ በትንሹ? በትልቁ እልካቸዋለሁ ብሎ ከወሰነ በኋላ ነው ምክሩን የሰጠው።

ይህን ቦታ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ጥቂት አሰብሁ። የአገራችን ሰው «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚለው የሌላውን ሕመም እንደ ቀላል ለሚያይ ሰው ነው። ቍጥር ይህን ጠባይ ሊያመጣ ይችላል፤ በወረቀት ላይ 2.5 እና 1.1 አይጮኹም። ብላኬት ግን ከቍጥሩ ሥር ሰው እንዳለ የሚያውቀው በመርከብ ላይ ስለ ኖረ ነው። ሊቁ ሒሳቡን ሠራ፤ መኰንኑ ፈረመበት። የሁለቱ መተባበር ከዚህ የበለጠ የታየበትን ቦታ አላውቅም።

በ1942 የተሸነፈው

በዚያው በ1942 የሆነው ግን ሌላ ነው። ሊንደማን፥ በዚያን ጊዜ ሎርድ ቸርዌል ተብሎ የቸርችል የቅርብ አማካሪ የነበረው፥ ማርች 30 ቀን 1942 አንድ ጽሑፍ አቀረበ። ከ100,000 በላይ ሕዝብ ያለባቸው 58 የጀርመን ከተሞች ቢደበደቡ የአገሩ ሕዝብ አንድ ሦስተኛ ቤት አልባ ይሆናል፥ መንፈሱም ይሰበራል የሚል ነው። ቲዛርድ ግምቱ አምስት እጥፍ ተጋንኗል አለ፤ ብላኬት በበኩሉ አስልቶ ስድስት እጥፍ ነው አለ። አይሮፕላኖቹም በአትላንቲክ ላይ ሰርጓጅ ቢያሳድዱ ይሻላል ብሎ ተከራከረ። ሰሚ አላገኙም። ከጦርነቱ በኋላ ሲመረመር ግምቱ አሥር እጥፍ ያህል የተጋነነ ሆኖ ተገኘ። በመቶ ሺሕ የሚቈጠር የከተማ ሕዝብ፥ ከ55,000 በላይ የቦምብ ጣይ አይሮፕላን ሠራተኞችም በዚያ ዘመቻ አለቁ። ቻርልስ ስኖው በ1960 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር ይህን ክርክር ለዓለም አሰምቷል።

ስኖው የሚወቅሰው በዝግ ቤት የሚሰጠውን ምክር ነው። ወቀሳው ትክክል ነው፤ እኔ ግን በዚህ ላይ ሌላ ወቀሳ እጨምራለሁ፥ እርሱም በብላኬት ላይ ነው። ብላኬት በ1960 ስለ ቲዛርድ ሲጽፍ፥ አንድ የሠለጠነ መንግሥት የጠላትን ሠራዊት ትቶ ሲቪሉን ሕዝብ ለመምታት ታላቅ ዘመቻ አቅዶ ሲነሣ እርሱ እስከሚያውቀው ድረስ ያ የመጀመሪያው መሆኑን፥ በወጣትነቱም በባሕር ኃይል ሳለ እንዲህ ያለው ነገር ከቶ የማይታሰብ እንደ ነበረ ተናግሯል። ይህ የመኰንኑ ድምፅ ነው። በ1942 ግን የክርክሩ ጕልበት ሁሉ የተጣለው በስድስት እጥፍና በአምስት እጥፍ ላይ ነበር።

ሊንደማንም ቍጥር ነበረው። ቍጥር በቍጥር ላይ ሲነሣ፥ መንግሥት ከሁለቱ ደስ የሚያሰኘውን ይመርጣል። ደግሞስ የሊንደማን ስሌት ትክክል ቢሆን ኖሮ ብላኬት ምን ይል ነበር? የሕፃናትን ቤት ማቃጠል ውጤት የሚያስገኝ ከሆነ ይደረግ ሊል ነውን? እንደማይል ከ1960 ጽሑፉ እናውቃለን። እንግዲያውስ እውነተኛው ተቃውሞው ከስሌቱ በፊት የነበረ ነው፤ ያንንም በጊዜው በሙሉ ድምፅ ማሰማት ነበረበት። እርግጥ ነው፥ ቢናገረውም ኖሮ ላይሰማ ይችል ነበር፤ ጓደኞቼ ይህን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ነገር ግን በቍጥር ተሸንፎ ከመቅረት በኅሊና ተናግሮ መሸነፍ ለሚቀጥለው ሰው መንገድ ይከፍታል።

በአቶም ቦምብ ላይ

ከጦርነቱ በኋላ ስሕተቱ በተቃራኒው በኩል መጣ። በ1945 ብላኬት ስለ አቶም ኃይል መንግሥትን የሚመክር ኮሚቴ አባል ሆኖ፥ እንግሊዝ የራሷን የአቶም ቦምብ እንዳትሠራ፥ ብትሠራ ደኅንነቷ ከመጨመር ይልቅ እንደሚቀንስ ጽፎ አቀረበ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሌመንት አትሊ፥ ጸሐፊው በፖለቲካና በጦር ጉዳይ ባለሙያ ያልሆነ ሊቅ ነው ብሎ አሳቡን ወደ ጐን አደረገው። በጃንዋሪ 1947 ጥቂት ሚኒስትሮች ተሰብስበው ቦምቡ እንዲሠራ ወሰኑ፤ በኦክቶበር 1952 ተሞከረ።

የአትሊ መልስ ከሁሉ ይልቅ የሚደንቅ ነው። ጀትላንድ ላይ የተዋጋ፥ የአትላንቲክን ጦርነት በሒሳብ የመራ ሰው ስለ ጦር አያውቅም ከተባለ ማን ያውቃል? በዚህ ደንብ ቢሆን ኖሮ በ1941 ስለ ፈንጂ ጥልቀት እንዲናገር ባልተፈቀደለትም ነበር። መንግሥት ሊቁን የሚሰማው የሚፈልገውን ሲነግረው፥ «ሙያህ አይደለም» የሚለው የማይፈልገውን ሲነግረው ከሆነ፥ ምክር መጠየቁ ስሙ ብቻ ቀረ።

ብላኬት ግን በ1948 ስለ አቶም ኃይል የጦርና የፖለቲካ ውጤት ያሳተመው መጽሐፍ ለተቃዋሚዎቹ በር ከፈተ። በመጽሐፉ ውስጥ ሁለት ዋና አሳቦች አሉ። አንደኛው፥ በጀርመን ላይ የወረደው ቦምብ ሁሉ ለብቻው ጦርነቱን ካልጨረሰ፥ ጥቂት የአቶም ቦምቦችም እንደ ሶቪየት ኅብረት ያለ ሰፊ አገር ሊያንበረክኩ አይችሉም የሚል ነው። ሁለተኛው፥ በሂሮሺማ ላይ የተጣለው ቦምብ የጦርነቱ ፍጻሜ ከመሆን ይልቅ ከሩሲያ ጋር የሚደረገው የዲፕሎማሲ ትግል መጀመሪያ ነበር የሚል ነው።

የመጀመሪያው አሳብ ለ1948 ብልኅ ስሌት ነበር፤ ነገር ግን ቦምቡ በዚያው መጠን ይቈያል ብሎ የገመተ ስሌት ነው። በኖቬምበር 1952 አሜሪካ የሞከረችው የሃይድሮጅን ቦምብ ከሂሮሺማው በብዙ መቶ እጥፍ የበለጠ ኃይል ነበረው። የደመናው ሣጥን ሊቅ ያላየውን መሥመር በአሳቡ አስረዝሞ ሣለ ማለት ነው። ብላኬትም በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለቱ ወገኖች ተፈራርተው የቆሙበትን አዲሱን ሁኔታ ተቀብሎ ጽፏል።

ሁለተኛው አሳብ የተመሠረተው በቀን አቈጣጠር ላይ ነው። አሜሪካ ጃፓንን በእግረኛ ጦር ለመውረር ያቀደችው ለኖቬምበር 1945 ነበር፤ ሶቪየት ኅብረት በጃፓን ላይ ጦርነት ያወጀችው በኦገስት 8 ነው፤ ቦምቡ የተጣለው በኦገስት 6 ነው። ታዲያ ምን አስቸኰለ ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ከባድ ነው፥ የታሪክ ጸሐፊዎችም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ነገር ግን ቀን የሚያሳየው ሊሆን የሚችለውን ነው፤ በሰው ልብ ውስጥ የነበረውን አያሳይም። በ1942 የኅሊናውን ነገር በቍጥር እንደ ሸፈነው፥ በ1948 የፖለቲካ ፍርዱን በቍጥር አለበሰው። ሁለቱም ጊዜ ቍጥሩ የማይችለውን ሸክም ተሸከመ።

የወርቁ ሙከራ

ነቀፋዬን ብቻ ጽፌ ብተው ፍርዴ የተዛባ ይሆናል። ብላኬት በ1947 አንድ ታላቅ አሳብ አቅርቦ ነበር፤ ማንኛውም ግዙፍ አካል በመሽከርከሩ ብቻ ማግኔትነት ያገኛል፥ የመሬትም ማግኔትነት ከዚህ የመጣ ነው የሚል። አሳቡ እውነት ከሆነ በምድር ላይ ያለ ትንሽ ከባድ ነገርም ከመሬት ጋር ስለሚዞር እጅግ ደካማ ማግኔትነት ሊኖረው ይገባል። ብላኬት ከ15 ኪሎ በላይ የሚመዝን የወርቅ ድብልብል አሠራ፥ ከዚያ በፊት ያልነበረ ረቂቅ መለኪያም ሠርቶ መረመረው። ምንም አላገኘም። በ1952 ውጤቱን ያሳተመው «አሉታዊ ሙከራ» የሚል ርእስ ሰጥቶ ነው። ከዚያም ያንኑ መለኪያ ወስዶ የድንጋዮችን ጥንታዊ ማግኔትነት ለመመርመር አዋለው፤ አህጉሮች ከቦታቸው መንቀሳቀሳቸውንም ከደገፉት ሊቃውንት አንዱ ሆነ።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ብናገር አንባቢ ይታገሠኝ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ የፔንዱለም ሙከራ ስንሠራ ያገኘሁት ቍጥር ከመጽሐፉ ስለ ራቀብኝ አስተካክዬ ጻፍሁት። መምህሬ ደብተሬን አይተው፥ «ይህ ቍጥር እጅግ ያምራል፤ ያንተውን አምጣው» ብለው መለሱልኝ። ያን ቀን ያፈርሁትን ኀፍረት አልረሳሁም። ስለዚህ ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው፥ የኖቤል ሽልማት ያለው፥ የገዛ አሳቡን በገዛ ሙከራው ሲያፈርስ ሳነብ ሥራው ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል።

ማጠቃለያ

ብላኬት በ1965 የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1969 የሎርድነት ማዕረግ ተሰጠው፤ በጁላይ 1974 ሞተ። ሕንድ ነፃነቷን ስታገኝ ኔህሩ ስለ መከላከያ ምርምር አማክሮት ነበር፤ እርሱም አገሩን ሊያጐብጥ የሚችል የጦር መሣሪያ ውድድር ውስጥ እንዳይገቡ፥ ባላቸው አቅም የሚሠራውን እንዲመርጡ በ1948 መክሯል። ይህ ምክር ከመጽሐፉ ይልቅ ዕድሜ ያለው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በፊቱ ባለው አገር፥ በፊቱ ባለው ሀብት ላይ የተመሠረተ ነው።

ከዚህ ሕይወት የምናገኘው ትምህርት እንደሚከተለው ይመስለኛል። ከእኛ መካከል አንዳንዶቻችን መሐንዲሶች፥ አንዳንዶቻችን ኢኮኖሚስቶች እንሆናለን፤ የምንሠራው ቍጥርም የማናያቸውን ሰዎች ሕይወት ይነካል። ያን ጊዜ ሁለት ነገር ይጠበቅብናል። ቍጥሩ የሚናገረውን ሳንጨምር ሳንቀንስ ማቅረብ አንድ ነው፤ ቍጥሩ የማይናገረውን ደግሞ በቍጥር ሳንሸፍን በራሳችን ስም መናገር ሁለተኛው ነው። ብላኬት የመጀመሪያውን ከማንም በላይ አሳይቶናል። ሁለተኛውን ለማሳየት ግን 18 ዓመት ዘገየ። የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ከ1942ቱ ክርክር የተለየ ፍርድ ካላቸው በሚቀጥለው እትም ቢጽፉ በደስታ አነባለሁ።